ቁስሉ ከማሰሪያው ይጀምራል
ቢሾፍቱ ለተሰበሰቡ የጋሪ ባለንብረቶችና ነጂዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ የቀን ገቢያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሪ ለቆመበት ቀን ማንም እንደማይከፍላችሁ አውቃለሁ። ባጃጅ ከአስፋልቱ ገፍቶ ወደ ውስጥ መንገድ ቢያስገባንም የዚህን ከተማ እህል፣ ሲሚንቶ፣ ውሃና መንገደኛ አሁንም የሚያመላልሰው ፈረስ ነው።

የተሰጠኝ ርዕስ የጋሪ ፈረስ አያያዝ በአጠቃላይ ነው። ስለ ውሃው፣ ስለ መኖው፣ ስለ ክትባቱ አነሣለሁ። የመጣሁበት ጉዳይ ግን አንድ ነው፣ ከእሱ ልጀምር። በየመንገዱ የምናየው የፈረስ ጀርባ፣ ደረትና ከንፈር ቁስል አብዛኛው የሚመጣው ፈረሱ ከጋሪው ጋር ከተያያዘበት መንገድ ነው። ሥራ በዛበት እንላለን፤ ዕድሉ ነው እንላለን። ጥፋቱ ግን ፈረሱን በምናስርበት ጠፍርና በግራና በቀኙ በሚዘረጉት የጋሪው ዘንጎች ላይ ተቀምጧል፣ በእጃችን ልናስተካክለው የምንችለው ነገር ነው።

ጋሪያችን ባለ ሁለት ጎማ ስለሆነ ጭነቱን መሸከም ያለበት አክስሉ፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት ነው። ጭነቱ ከአክስሉ ወደ ፊት ሲያደላ ዘንጎቹ ወደ ታች ይጫናሉ፤ ያ ክብደት በደልዳሉ፣ ዘንጎቹ በሚያርፉበት የጀርባ ትራስ በኩል ጀርባው ላይ ያርፋል። ወደ ኋላ ሲያደላ ደግሞ ዘንጎቹ ይነሣሉ፤ የሆድ ማሰሪያው ከፊት እግሩ ኋላ ያለውን ስስ ቆዳ እየፈተገ ደረቱን ያንቀዋል። አከርካሪው የተላጠ ፈረስ ስታዩ ጭነቱ ፊት ነበር በሉ። ብብቱ የቆሰለ ስታዩ ጭነቱ ኋላ ነበር በሉ። ቁስሉ ያለበት ቦታ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ ይናገራል።

መፈተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ጋሪውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ጎማውን በድንጋይ አግዱ፣ ፈረሱን ፍቱና ጋሪውን እንደ ዘወትሩ ጫኑት። ከዚያ ዘንጎቹን ደልዳሉ ላይ በሚያርፉበት ቦታ ይዛችሁ ፈረሱ ቆሞ በሚይዛቸው ከፍታ ላይ አንሡ። ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ ገደማ ቢመዝኑ ሚዛኑ ደህና ነው። ሁለት እጅና ወገብ ከጠየቃችሁ ጭነቱን ወደ ኋላ ሳቡ። ዘንጎቹ ራሳቸው ወደ ላይ ከሄዱ ወደ ፊት አምጡት። ሰው ስትጭኑ ደግሞ ሚዛኑ በየፌርማታው ይለዋወጣል፤ ከኋላ የተቀመጠው ቀድሞ ሲወርድ ከፊት ያለውን ወደ ኋላ አዛውሩት። መንገደኛው ቢያጉረመርም ምክንያቱን ንገሩት፣ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ጋሪ የሚሠሩልንን በያጆችም ልጥራ። ሁሉንም ጋሪ በአንድ ልክ ትበይዳላችሁ፤ ፈረሱ ግን አንድ ልክ አይደለም። ለረጅም ፈረስ የተሠራ ጋሪ አጭር ፈረስ ላይ ሲታሰር መድረኩ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ጭነቱም ተንሸራቶ ጀርባው ላይ ይመጣል። ዘንጉ ከመድረኩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁለት ሦስት ቀዳዳ አብጁና በቡሎን ከፍ ዝቅ የሚል አድርጉት። ጎማው ላይ የቆመ ጋሪ መድረኩ ከመሬቱ ጋር እኩል ልክ መተኛት አለበት።

ስንት ይጫን? መጀመሪያ ፈረሱ ስንት እንደሚመዝን እወቁ። ከጫንቃው ኋላ ባለው ቦታ የደረቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለኩና ቁጥሩን በራሱ አባዙት። የተገኘውን ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ባለው ርዝመት አባዙና ለ11,880 አካፍሉ። ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 215 ኪሎ ገደማ ይወጣል። እኔ የምለው ጋሪው፣ ነጂውና ጭነቱ ተደምረው ከፈረሱ ክብደት እጥፍ አይለፉ ነው፤ እሱም በሜዳና በደህና መንገድ። ለዚህ ፈረስ 430 ኪሎ መሆኑ ነው። ጋሪው ባዶውን 130፣ ነጂው 60 ከሆኑ የሚቀረው 240 ኪሎ ነው። አራት ከረጢት ሲሚንቶ ጫኑ፣ አምስተኛውን ተዉት። ዳገትና ጭቃ ካለ ከአራቱም ቀንሱ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንሂድ። ወደ ሐይቆቻችን የሚወርዱትን መንገዶች ታውቋቸዋላችሁ። ጋሪያችን ፍሬን የለውም። ቁልቁል ሲወርድ ያ ሁሉ ክብደት ፈረሱን ከኋላ ይገፋዋል። ግፊቱን መቀበል ያለበት ከጭኑ በስተኋላ፣ ከመቀመጫው አጥንት ዝቅ ብሎ የሚዞረውና ከሁለቱ ዘንጎች ጋር የሚታሰረው ሰፊ ጠፍር ነው። ፈረሱ በዚያ ላይ ተቀምጦ ጋሪውን ያቆማል። ስንቱ ጋሪ ላይ አለ? ብዙዎቻችን የምናስረው ከጅራቱ ሥር የምትገባ ቀጭን ወደላ ብቻ ነው፤ ቁልቁለት ላይ የጋሪው ግፊት ሁሉ በእሷ ላይ ይወድቅና የጅራቱን ሥር ይቆርጠዋል። ወደላውም ከሌለ ደልዳሉ ወደ ፊት ተንሸራቶ ጫንቃውን ይልጠዋል። ፈረሱ ሕመሙን ሽሽት ይሮጣል፤ ሲሮጥ ጋሪው ይበልጥ ይገፋዋል፤ ኮብልስቶን ላይ ይንሸራተትና ይወድቃል። ነጂው "ደንብሮ ነው" ይላል። ያለ ማቆሚያ ጠፍር ቁልቁለት የተላከ ፈረስ ቢደነብር ምን ይገርማል! ጠፍሩ ስፋቱ ስምንት ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ፈረሱ ሜዳ ላይ ሲሄድ በጭኑና በጠፍሩ መካከል አንድ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። ቁልቁለቱ ከባድ ከሆነ ሰው አውርዱ፣ ፈረሱን በእጅ እየመራችሁ ውረዱ።

የደረቱ ጠፍር ከትከሻው አጥንት ጫፍ በላይ፣ ከጉሮሮው ሥር ይዋል። ከፍ ካለ የአየር ቧንቧውን ያንቃል፣ ዝቅ ካለ እግሩን ያግዳል። ስፋቱ ከስምንት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ይሁን። ናይለን ገመድ ሳንባ ያለበትን ደረት በሁለት ጣት ስፋት ይጎትታል፤ ቆዳው ከሥሩ ደም አጥቶ ይሞታል፣ ከዚያ ይላጣል። ማዳበሪያ ጠቅልሎ ከሥሩ መወተፍም መፍትሔ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ ላብ አይጠጣም፣ ጠርዙም ይቆርጣል። ካላማዳሪም፣ የጎማ ውስጥ ላስቲኩ፣ ላቡን አፍኖ ቆዳውን ያቀልጠዋል። የበግ ለምድ፣ ያረጀ ብርድ ልብስ፣ አቡጀዲ ተጠቀሙ፤ ማታ ማታ ታጥቦ የሚደርቅ ሁለት መቀያየሪያ ይኑር። የደረቀው ላብ ጨው እንደ ደነደነ ጠዋት መልሶ ማሰር ትናንት ያልቆሰለውን ዛሬ ማቁሰል ነው።

የደረቱን ጠፍር በቀጥታ ከጋሪው ብረት ጋር አትሰሩት። ፈረስ ሲራመድ ትከሻው በየተራ ይሄዳል፤ ጠፍሩ ካልተከተለው በየእርምጃው ይፈትገዋል። በመካከሉ በአንድ ቡሎን ብቻ ከጋሪው ጋር የተያያዘ፣ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ አግዳሚ እንጨት አድርጉና ከደረቱ ጠፍር የሚመጡትን ሁለቱን መጎተቻዎች ከጫፍና ጫፉ እሰሩ። አንድ ክንድ የሚያህል እንጨት ነው፣ ከዚህ ርካሽ የፈረስ መድኃኒት አላውቅም። ደልዳሉም በሁለት ጥቅል ተሰፍቶ በመካከሉ ለአከርካሪው ሁለት ጣት የሚያሾልክ ቦይ ይተው፤ አጥንቱ ላይ ምንም ነገር አይረፍ።

ቁስሉ በአንድ ትከሻ ብቻ ከሆነ የሁለቱን መጎተቻዎች ርዝመት ለኩ፣ ከዚያ ጎማውን እዩ። አንዱ ጎማ አየሩ ከጎደለ ጋሪው ወደዚያ ይጎትታል፣ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ በሌላኛው ትከሻው ይታገላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጎሚስታ ጋ ጎራ በሉ። ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ በእጅ ስታሽከረክሩት የሚያጓራ ወይም የሚንገጫገጭ ኩሽኔታ ግራሶ ጠምቶታል ወይም አልቋል። ከንፈሩ ጥግ የተሰነጠቀ ፈረስ ካያችሁ ደግሞ ልጓሙን አውጥታችሁ ጣታችሁን አስኪዱበት። ከፌሮ ቁራጭ የተበየደ፣ ሻካራና ስለታም ብረት በአፋችሁ ታስገባላችሁ? ልስልስ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማያንስ፣ በግራና በቀኝ ከከንፈሩ ግማሽ ሴንቲ ያህል የሚተርፍ ይሁን።

ባለንብረቶች፣ ይህን የምለው ለእናንተ ነው። ማታ ማታ ገቢ ትቀበላላችሁ፤ ፈረሱን በብርሃን ካያችሁ ግን ሳምንት ያለፋችሁ አላችሁ። ነጂው ልጅ ነው። የቀኑን ሒሳብ ካላሟላ ጋሪው ለሌላ ይሰጥበታል፤ ስለዚህ ቁስሉን በጨርቅ ሸፍኖ ይወጣል። ፈረሱ አልጎትትም ሲል "ልግመኛ" ተብሎ በአለንጋ ይገረፋል። ቁስሉ ላይ ገመድ የገባበት ፈረስ ልግመኛ አይባልም! በዚህ አገር ነገሥታቱ በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። እኛ የፈረሳችን ቁስል በየት በኩል እንዳለ እንኳ አናውቅም። ሲያነክስና ሲከሳ አውራ ጎዳና ዳር እንለቀዋለን፣ ሌሊት ጅብ ይጨርሰዋል ወይም መኪና ይገጨዋል። ዓመታት ያበላችሁን ፈረስ በሌሊት ጎዳና ላይ መጣል ነውር ነው፣ ነውር!

የዋጋውም ነገር አለ። በደረትና በእግር ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው የሚወጡትን፣ ኋላም የሚፈነዱትንና መግል የሚያወርዱትን እባጮች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አምጪው ፈንገስ ነው፤ ዋና መግቢያውም የተላጠ ቆዳ ነው። ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚያሻግሩት ዝንብና በጋራ የምንጠቀምበት ማሰሪያ ናቸው። ሁለት ፈረስ እያፈራረቃችሁ በአንድ ደልዳልና በአንድ ጠፍር የምታሠሩ፣ በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው ራሳችሁ እያሻገራችሁ ነው። ለየፈረሱ የራሱ ማሰሪያ ይኑረው። አንድ ሁለት እባጭ ስታዩ በዚያው ቀን ክሊኒክ ውሰዱት፤ በአዮዲን የሚታከመው ሲጀምር ነው፣ ሰውነቱን ካዳረሰ በኋላ ተስፋው ትንሽ ነው።

ተራውን ቁስል ደግሞ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ እጠቡ። የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ የጋለ ብረት ወደ ቁስል አይቅረብ፤ ሊድን የነበረውን ሥጋ ይገድላሉ። ማሰሪያው ከነጥፋቱ እስካለ ድረስ የትኛውም ቅባት አያድነውም። ቁስሉ እስኪሽር ጋሪው ይቁም።

ውሃ። 215 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በሞቃት ቀን ሲሠራ ከ25 እስከ 30 ሊትር፣ አንድ ጀሪካን ተኩል ገደማ ይፈልጋል፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ ተከፍሎ ይጠጣ። ሥራ ላይ የጠጣ ፈረስ ይታመማል የሚለው ወሬ ብዙ ፈረስ አድርቋል። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ወዲያው ካልተመለሰ ውሃ ጠምቶታል። መኖው ከአራት ኪሎ የማያንስ ድርቆሽ ወይም ሣር ይሁን። ፉርሽካ ብቻውን ሲበዛ ፎስፈረሱ የካልሲየሙን ሚዛን አዛብቶ አጥንት ያዳክማል፤ ገብስም ሆነ ፉርሽካ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ አይብለጥ። በሥራ ላብ የሚያጣውን ለመተካት በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ስጡት። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ ሆዱን እየዞረ ካየ፣ ከተንከባለለ፣ ፋንድያ ካቆመ ቁርጠት ነውና ወደ ሐኪም ሩጡ። ቆሻሻ ገንዳ ላይ የሚለቀቅ ፈረስ ፌስታል እየዋጠ ነው የሚታመመው።

ሰኮናውን ጠዋትና ማታ አንሥታችሁ ድንጋዩን አውጡ፣ በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ አስከርክሙ። የአፍሪካ የፈረስ በሽታን ክትባት የሚያመርተው ተቋም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ ከክረምቱ በፊት አስከትቡ።

ከገበያ ፈረስ በአይሱዙ የምታስመጡ ደግሞ ከወለሉ ላይ አሸዋ ወይም ጭድ አንጥፉ፣ መውጫና መውረጃው የአፈር ድልድል ይሁን እንጂ አታስዘሉት። አንገቱን ዝቅ ማድረግ እስኪችል ድረስ ገመዱን አላሉለት፤ ራሱን ወደ ታች ካላደረገ የሳንባውን አቧራና ንፍጥ ማውጣት አይችልም። ሾፌሩን በየሦስትና አራት ሰዓቱ አስቁሙና ውሃ አጠጡ።

ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ግቢው ውስጥ ሜትርና ሚዛን ይዘን እንቆማለን። ጋሪያችሁን ከነፈረሱ አምጡ፤ ዘንጉን አብረን እናነሣለን፣ ደልዳሉን ገልጠን ጀርባውን እናያለን። ባለንብረቶች ነጂውን ብቻ አትላኩ፣ ራሳችሁ ኑ። አመሰግናለሁ።