ነፃ የተማሪ ሰርቪስ በመንገዱ ይለካ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባላት፣ ቀሳውስትና ሼኾች፤

ነፃ የተማሪ ሰርቪስ የሚበላሸው መለኪያው ላይ ነውና ከዚያ ልጀምር። መኪና ከመከራየታችሁ በፊት «ማን ይሳፈር?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በጽሑፍ ይስፈር። እንግሊዝ አገር ሕጉ 8 ዓመት ላልሞላው ልጅ 2 ማይል (3.2 ኪሎ ሜትር)፣ ከዚያ በላይ ላለው 3 ማይል (4.8 ኪሎ ሜትር) መንገዱ ካለፈ በነፃ ይጓጓዝ ይላል። የሚለካውም ልጁ በደህና ሊሄድበት በሚችለው አጭር የእግር መንገድ ነው። ለሰሜን ሸዋ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከአልዩ አምባ ቀና ብሎ አንኮበርን ያየ ቅርብ ይመስለዋል፤ ዳገቱን የወጣ ግን ያውቀዋል። በካርታ አትለኩ። ሰው በእግሩ ይሂድበት፣ ደቂቃውን ይመዝግብ፤ ወንዝ ካለበት ክረምት ላይ እንደገና ይለካ።

ሁለተኛው ችግር «ቅርብ ወዳለው ትምህርት ቤት ብቻ» የሚለው ደንብ ነው። ሲያዩት ለሁሉም እኩል ነው። ቤተሰቡ ለእምነቱ ሲል ራቅ ያለ የቤተ ክርስቲያን ወይም የእስልምና ትምህርት ቤት ሲመርጥ ግን ልጁ ከሰርቪሱ ይወድቃል። እንግሊዞች ይህን አይተው በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ከ11 እስከ 16 ዓመት ላሉ የድሃ ቤተሰብ ልጆች በእምነት ምክንያት ወደተመረጠ ትምህርት ቤት ከ2 እስከ 15 ማይል ድረስ በነፃ እንዲጓጓዙ ፈቀዱ። አሜሪካ ውስጥም በ1947 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ለካቶሊክ ተማሪዎች ወላጆች የአውቶቡስ ዋጋ መመለሱን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 አጽድቋል፤ ነገሩን ከፖሊስና ከእሳት አደጋ ጥበቃ ጋር አመሳስሎ። የተቃወሙት አራት ዳኞች ስጋት፣ የመንግሥት ገንዘብ ሃይማኖትን እንዳይደጉም፣ ቀላል አይደለም። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷል፤ በአንቀጽ 25 ደግሞ በሃይማኖት ልዩነት ማድረግን ከልክሏል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ውሉ ነው። ውሉ ከመኪናው ባለቤት ጋር ይታሰር፣ ክፍያው በተነዳው ኪሎ ሜትር ይሁን፣ አንድም ብር በየትኛውም ትምህርት ቤት ካዝና አይለፍ።

ወንበር ካልበቃስ? መጀመሪያ የአካል ጉዳት ያለበት፣ ቀጥሎ ረጅም ደቂቃ የሚሄድ። ቅጹ ላይ የሃይማኖት ጥያቄ አይኑር። ይህም ብቻውን አይበቃም፤ በአገራችን ስም ራሱ እምነትን ይናገራል። ስለዚህ ተሳፋሪዎቹን የሚመርጡት ሰዎች የሚያዩት ቁጥር፣ ክፍል፣ ጎጥና ደቂቃ ብቻ ይሁን፤ ስሙ ዝርዝሩ ከጸደቀ በኋላ ይምጣ።

አሁን ሰዓቱ። እኔ ከሁሉ አብዝቼ የምሰጋው ለዚህ ነው፣ ማንም ክፉ ሳያስብ የሚደረግ በደል ስለሆነ። የከሰዓት ፈረቃን የሚጭነው መኪና 6:30 ላይ ከተነሳ፣ ዓርብ ዕለት የሚያመልጠው ጁምዓ ላይ ያለውን ልጅ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ዕረፍት አለው፤ ለልጆቹም እንዲሁ አስቡላቸው። የዓርቡ ዙር ከ7:30 በኋላ ይሁን፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም አብሮ ይገፋ፤ አለዚያ ልጁ በመኪና ደርሶም አርፋጅ ይባላል። ማካካሻ ትምህርት እሑድ ጠዋት ሲደረግ ደግሞ የሚጎዳው ቅዳሴ ያለበት ነው።

ፌርማታው ወፍጮ ቤት ወይም ቦኖ ውሃ አጠገብ ይሁን። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም የመስጊድ በር ላይ ከሆነ የሌላው እምነት ልጅ፣ በተለይ ትንሿ ልጅ፣ ፈራ ተባ ትላለች። መኪናው ውስጥ መዝሙርም መንዙማም አይከፈት፤ ይህ ከመኪናው ባለቤት ጋር በሚታሰረው ውል ውስጥ ይጻፍ። ስለ ሂጃብም ስለ ማተብም ረዳቱ አንድ ቃል አይናገር።

ዝርዝሩ በየትምህርት ቤቱ በር ይለጠፍ፤ ቅር ያለው ወላጅ መንገዱ በፊቱ እንደገና እንዲለካለት የመጠየቅ መብት ይኑረው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከየጎጡ ከሁለቱም እምነት አንድ አንድ ሰው፣ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ ደብተር ነው። ፈቃደኛ የሆናችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን በሩ ላይ አስመዝግቡ።

አመሰግናለሁ።