ስም የሌለው መደብ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እጄም ጭቃ ነው። ከመቅረጼ በፊት ሦስቴ ታጠብኩ፣ ጥፍሬ ውስጥ የገባው ግን አልለቅ አለ። ሽታው ደስ ስለሚል ተውኩት።

ስለ ካላመስ ነው የማወራው። ሙሉ ስሟ አኮረስ ካላመስ ነው። ውሃ ዳር ትበቅላለች፣ ቅጠሏ እንደ ጎራዴ ቀጥ ያለ ነው። ሽታ ያለው ዘይቷ በብዛት ያለው ጭቃው ላይ አግድም በሚሄደው ግንዷ ውስጥ ነው፤ ሪዞም በሚባለው። ዝንጅብልን አስቡት። ሰው ሥር ይለዋል እንጂ ሥር አይደለም።

መጀመሪያ ጊዜ እንደ ድንች ቆፍሬ ቀበርኩት። ከላይ ደግሞ ውሃ ሞላሁበት፣ የረግረግ ተክል አይደለች? ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዱን ሳወጣ ጣቶቼ መሃል ሟሟ። ሌላውም እንደዚያው። ለካ ሪዞሙ የሚወደው ከላይ ከላይ መሄድ ነው። አሁን ከአራት አምስት ሳንቲ ሜትር በላይ አላወርደውም። የጣት ርዝመት ያህል እቆርጣለሁ፣ ቢያንስ አንድ ደህና ዓይን፣ ቡቃያ የሚወጣበት ማለቴ ነው፣ እንዲኖረው አያለሁ፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት እተክላለሁ። አፈሩ ሁሌም እርጥብ ይሁን፤ ውሃ የማስተኛበት ግን ቅጠል ካወጣ በኋላ ነው።

ይህን አንዴ ከተበላሸባችሁ ትማሩታላችሁ። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ያለችው ካላመስ ክሮሞዞም የሚባለው የውርስ ክሯ ሦስት እጥፍ ስለሆነ ዘር አታፈራም። እ.ኤ.አ. በ1574 ክሉሲየስ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ቪየና ውስጥ ተክሏት ነበር። እዚያ አካባቢ የተስፋፋችው ከሪዞም ቁራጭ ነው። ቁራጭ ደግሞ እናቱን ቁጭ ነው። የእናቱን መልካም ነገር ይወስዳል፣ ጣጣዋንም ይወስዳል።

ጣጣው ዘይቷ ውስጥ ያለ ቤታ አሳሮን የሚባል ኬሚካል ነው። አይጦች ላይ ዕጢ ስላመጣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 ካላመስን ምግብ ውስጥ መጨመር ከልክላለች። የሚገርመው፣ ሁለት እጥፍ ክሮሞዞም ባላት በሰሜን አሜሪካዋ ዝርያ ውስጥ ይሄ ነገር የለም። የአውሮፓዋ ትንሽ አላት። አራት እጥፍ የሆነችው የእስያዋ ዘይት ግን አብዛኛው እሱው ሊሆን ይችላል። በዓይን ብታዩዋቸው ደግሞ እህትማማች ናቸው።

እኔስ? ገዝቼ ስተክል የየትኛዋ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሻጩም አልነገረኝ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቢጫ አይሪስ እንዳይሆን። እሱ ቅጠሉ ይመሳሰላል፣ ግን ቢያሹት አይሸትም። የኔ ሲታሽ መንደሪን መንደሪን ይላል። «በቃ፣ እሷው ናት» አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እየቆረጥኩ አባዛሁ። ሃምሳ እግር! በእንፋሎት የማነጥርበትን ዕቃ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ከ100 ኪሎ ደረቅ ሪዞም ሁለት ሦስት ኪሎ ዘይት ይወጣል እያልኩ ሒሳብ ስሠራ ነው የአሳሮኑን ነገር ያነበብኩት። ስስት ነው እንግዲህ፣ ምን ልበላችሁ።

ከዚያ ዝርያዋ የታወቀ ሌላ ሪዞም ፈልጌ ከሁለት ቁራጭ ጀመርኩ። አሁን እያንዳንዱ መደብ ላይ እንጨት ተክዬ የእናቲቱን ስም እጽፋለሁ፣ በማይለቅ ቀለም። ዛሬ ስቆፍር የዋልኩት ከዚያ ነው፤ ዘጠኝ ደርሰዋል።

የድሮውን መደብ አልነቀልኩትም። አላነጥረውም፣ ለሰውም አልሰጥም። እንቁራሪቶቹ ግን ወደውታል፣ ማታ ማታ የሚጮኹት ከዚያ ነው።