«አብሽር»ን በእንግሊዝኛ ምን እንበለው? ስለ ፍሬዛል ቨርብ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የደወላችሁ አድማጮች፣ ከላሊበላም ሁኑ ከባቲ፣ የተማረራችሁት በአንድ ነገር ነው። የምታውቁት የእንግሊዝኛ ግሥ አንዲት ትንሽ ቃል ከኋላው ሲያስከትል የማታውቁት ይሆንባችኋል። «ቴክ» መውሰድ ነው፤ «ኦፍ» ሲከተለው ማውለቅ ይሆናል። «ጊቭ» መስጠት ነው፤ «ጊቭ አፕ» ግን ተስፋ መቁረጥ። የሰዋስው መጻሕፍት ይህን ፍሬዛል ቨርብ ይሉታል። ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪን ከዚህ የበለጠ ያስመረረ ምዕራፍ አላየሁም። ጥፋቱ ግን የተማሪው ሳይሆን ዝርዝር እንዲሸመድድ የምናዝዘው የእኛ የመምህራኑ ይመስለኛል።

አድማጭ ከላሊበላ፦ አስጎብኚ ነኝ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ደጃፍ እንግዶችን «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ» እላለሁ። በቀደም አንድ ሕፃን ጫማውን እንደተጫማ ሊገባ ሲል «ቴክ ኦፍ ዜም» አልኩት። እናቱ ፈገግ ብላ «ቴክ ዜም ኦፍ» ብላ ደገመችለት። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? አውሮፕላን ሲነሣም «ቴክ ኦፍ» ይባላል፤ ጫማንና አውሮፕላንን ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያው አነጋገርዎ እንከን የለበትም። «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ» ቢሉም «ቴክ ዩር ሹዝ ኦፍ» ቢሉም ልክ ነው። ጫማው በተውላጠ ስም ሲተካ ግን ምርጫ የለም፤ «ዜም» የግድ መሐል ይገባል። እንግሊዝኛ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ አዲስ ነገር ለሚናገር፣ ድምፅ ለሚያርፍበት ቃል ማቆየት ይወዳል። «ዜም» ደግሞ አዲስ ወሬ የላትም፤ ጫማው ልጁ እግር ላይ ነው፣ ሁላችሁም እያያችሁት ነው። ስለዚህ ቀላሏ ቃል መሐል ትሸጎጥና ክብደቱ «ኦፍ» ላይ ይወድቃል። ሲናገሩም «ኦፍ»ን ጠበቅ ያድርጓት።

ጫማና አውሮፕላን የሚገናኙትም በዚችው «ኦፍ» ነው። ተያይዞ የነበረ ነገር መለያየቱን ትናገራለች፤ ጫማው ከእግር፣ አውሮፕላኑ ከመሬት። ጫማ አውላቂ ይፈልጋል፤ አውሮፕላኑ ግን ራሱ ይነሣልና ተሳቢ የለውም።

መሐል የማስገባቱ ሕግ ለሁሉም እንደማይሠራ ግን ልብ ይበሉ። ያቺ እናት ልጇን ለአፍታ ጠብቁልኝ ብትልዎ «ሉክ አፍተር ሂም» ትላለች እንጂ «ሉክ ሂም አፍተር» አትልም። የትኛው እንደሚከፈል ለመለየት ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ይግለጡ። አንድን ነገር የሚወክለውን «ሰምሲንግ» የሚለውን ቃል ከግሡና ከትንሿ ቃል መሐል ካስቀመጠው ይከፈላል፤ መጨረሻ ላይ ብቻ ካስቀመጠው አይነኩትም።

አድማጭ ከወልድያ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «ሉክ ፎር» መፈለግ፣ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ፣ «ሉክ ኢንቱ» መመርመር፣ «ሉክ ዳውን ኦን» መናቅ። ማየት የሚለው ቃል እንዴት ይህን ሁሉ ይሆናል? ዝርዝሩን ከመሸምደድ ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ እስኪ እኔ ልጠይቅህ። ዳኛው «ፈረደለት» እና ዳኛው «ፈረደበት» አንድ ነው? ግሡ አንድ፣ ችሎቱም አንድ፤ አንዱ ግን ወደ ቤቱ፣ ሌላው ወደ ወህኒ። «ደረሰለት» ስንል ሰው በጭንቁ ሰዓት ረዳው ማለታችን ነው፤ «ደረሰበት» ስንል አደጋ አገኘው፣ ሲያሻን ደግሞ ምስጢሩን አወቀበት። «ሳቀለት» እና «ሳቀበት» ለያይተህ ለማወቅ ሰንጠረዥ አልተሰጠህም፤ እናትህ ቡና እያፈላች ስትጫወት ሰምተህ ነው ያደግህበት። አማርኛ የሚማር እንግሊዛዊ ይህን ቢጠይቅህ አንተ ከእኔ ባልተናነሰ ላብ ያልብሃል።

ንጽጽሩን ግን እስከ ጥግ አትውሰደው። የእኛ ጭራ፣ ከግሡ ኋላ የሚለጠፈው «ለት» ወይም «በት»፣ ብዙ ጊዜ የሚነግረን በነገሩ ማን እንደተጠቀመና ማን እንደተጎዳ ነው፤ የእነሱ ጭራ፣ ያቺ ትንሿ ቃል፣ ብዙ ጊዜ የምትነግረው አቅጣጫንና የነገሩን መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን በግሥ ሳይሆን በጭራ መድበው። ለምሳሌ «አፕ»ን ውሰዳት። ቀጥተኛ ትርጉሟ ወደ ላይ ነው። በ«ኢት አፕ»፣ በ«ድሪንክ አፕ» እና በ«ዩዝ አፕ» ግን ነገሩን አሟጥጦ መጨረስን ትናገራለች። አማርኛ ይህን የሚለው በሌላ ዘዴ ነው፦ ጥርግ አድርጎ በላ፣ ጭልጥ አድርጎ ጠጣ፣ ሙጥጥ አድርጎ ጨረሰ። «ጥርግ» እና «ጭልጥ» የሚሠሩትን ሥራ እዚያ «አፕ» ብቻዋን ትሠራዋለች። በረካው ላይ ቸኩለህ «ድሪንክ አፕ!» ብትል ስኒውን ጭልጥ አድርጉና እንሂድ ማለትህ ነው፤ ነውርነቱ ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ያው ነው።

በዚህ መንገድ የማይፈታም አለ። ሰውን መናቅ «ሉክ ዳውን ኦን» መባሉ ከላይ ወደ ታች ማየት ነውና ይገባል፤ መንከባከብ ለምን «ሉክ አፍተር» እንደተባለ ግን ቃሎቹን ብትፈታ አታገኘውም። እንዲህ ዓይነቱን ከአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጋር ያዘው፤ ከአያትህ ጋር ቢሆን ደግሞ ይሻላል፦ «አይ ሉክ አፍተር ማይ ግራንድማዘር»።

አድማጭ ከኮምቦልቻ፦ የሥራ ማመልከቻዬ መጨረሻ ላይ መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ ለማለት «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ሂሪንግ» በይ አለችኝ። ደግሞስ በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ፍሬዛል ቨርብ መጠቀም ነውር ነው ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ናት። እዚህ ላይ «ቱ» መስተዋድድ ናት፤ ከኋላዋ ስም ወይም እንደ ስም የሚያገለግል «ኢንግ» ያለበት ቃል ትፈልጋለች። ከተጠራጠርሽ በቦታው «ዩር ሪፕላይ»፣ መልስዎ፣ የሚለውን ስም አስገቢ፤ ያለ ችግር ከገባ «ሂሪንግ» ትክክል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው። በ1066 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ ቃላት በቤተ መንግሥቱና በፍርድ ቤቱ ነገሡ፤ ላቲኑም በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ነበረ። የአገሬው አጫጭር ግሦች በጓዳና በእርሻ ቀሩ። ለዚህ ነው «ፑት ኦፍ» የጨዋታ፣ ያንኑ ማስተላለፍን የሚናገረው «ፖስትፖን» ደግሞ የቢሮ ሽታ ያለው። እኛም ስብሰባው «አለቀ» እና «ተፈጸመ» ስንል ሁለተኛው ከግእዙ ወገን ስለሆነ ጠንከር ይልብናል። ሆኖም ማከናወን የሚለው «ካሪ አውት» በጥናት ጽሑፍ ሳይቀር ያለ ነውር ይገባል፤ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ»ም የደብዳቤ ወግ ነው። አውጥተሽ እንዳትጥይው።

አድማጭ ከባቲ፦ ሰኞ ገበያ ላይ የሸማ ሥራ እሸጣለሁ። አንድ የውጭ አገር ገዢ በስልክ «ሃንግ ኦን» ሲለኝ ዝጋ ያለኝ መስሎኝ ዘጋሁበት። ተመልሶም አልደወለም።

መልስ፦ ያሳዝናል፤ «ቆይ፣ አትዝጋ» ነበር ያለዎት። መዝጋት «ሃንግ አፕ» ነው። የድሮው ስልክ ግድግዳ ላይ ሆኖ ማዳመጫው መንጠቆ ላይ ይሰቀል ስለነበር፣ መስቀል የሚለው ቃል መንጠቆው ከጠፋም በኋላ ቀረ። ግራ ሲገባዎ ምንም ሳይነኩ ዝም ብለው ይጠብቁ።

ከዚህ ቀጥሎ ከሐይቅ የደወሉት አድማጭ ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ መስመሩ ተቋረጠ። እንግሊዞች ለዚህም «ከት ኦፍ» የሚል አላቸው።

አድማጭ ከደሴ፦ ልጄ ውጭ አገር ያገባት ምራቴ አማርኛ አታውቅም። እናቷ ታመውባት ከከረሙ ቆይተዋል። ስልክ ስትደውል «አብሽሪ» ልላት እፈልጋለሁ። ልጄ «ቺር አፕ» በያት ይላል፤ እኔን ግን ደስ አላለኝም።

መልስ፦ እማማ፣ ደስ ያላለዎት በምክንያት ነው። «ቺር አፕ» ፊቷን ላጠቆረች፣ ፈተና ለወደቀች ልጅ ይሆናል፤ ፈገግ በይ እንደማለት ነው። እናቷ አልጋ ላይ ላለች ሰው ግን ሐዘኗን እንደ ማቃለል ይቆጠራል። «አብሽር» ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ደስ ይበልህ፣ የምሥራች ማለት ነው። ወሎ ግን ለታመመውም፣ ለከሰረውም፣ መንገድ ለመሸበትም ይለዋል፤ ይህን ሁሉ የሚሸከም አንድ ቃል እንግሊዝኛ የለውም። የሚቀርበው «ሃንግ ኢን ዜር» ነው፤ ጭብጥ አድርገሽ ያዥ፣ እንዳትለቂ ማለት ነው። ድምፁ የሚጠብቀው «ኢን» ላይ ነው። ክፉ አያምጣ እንጂ ለቅሶ ሲሆን ሁለቱም አይባሉም፤ «አይ አም ሶ ሶሪ» ብለው ዝም ማለት ይበቃል።

እማማ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት «ሃንግ ኢን ዜር»ን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በሦስተኛው ላይ «በቃ ያዝኩት፤ ከኋላው ግን አብሽሪዬን እጨምርበታለሁ» አሉ።