ትልቁን ግንድ ለማገዶ አትስጡት

የተከበራችሁ አናጢዎች፣ የዲዛይን ተማሪዎች፣ እንዲሁም እንጨት ስለምትወዱ ብቻ የቅዳሜ ጠዋታችሁን ሰጥታችሁ እስከ ፒያሳ የመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ወፍራም ግንድ እንደ ዳቦ በአግድሙ ሲቆረጥ ስለሚገኘው ትልቅ ክብ ጉማጅ ነው። በከተማችን መሃል፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ፣ በየግቢውና በየመንገዱ ዳር ዛፍ ይወድቃል። አንዱ ለግንባታ ይነሳል። ሌላው አርጅቶ ወይም በክረምት ንፋስ ይገነደሳል። ቅርንጫፉ ለማገዶ ቢሄድ ክፋት የለውም። ሁለት ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ግንድ ተፈልጦ እሳት ውስጥ ሲገባ ግን ያንገበግበኛል። ያን ያህል ለመወፈር ስንት ክረምት እንደፈጀበት አስቡት።

ታዲያ ብዙ ሰው ግንዱን አድኖ ወደ ቤት ይወስደውና በወሩ ይጥለዋል። ለምን? ስለሚሰነጠቅ። ክብ፣ ልሙጥ፣ የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ በስልኩ አይቷል። ያንኑ ሊሠራ ትናንት የተቆረጠ ጉማጅ ላይ ቫርኒሽ ይቀባል። በሳምንቱ ከቅርፊቱ እስከ መሃሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይወጣበታል። ከዚያ «እንጨቱ መጥፎ ነው» ይላል። እንጨቱ ምንም አልሆነም። የሚጠበቅበትን ነው ያደረገው።

እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በግንዱ ቁመት በኩል የሚያጥረው ከቁጥር አይገባም። ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ይበልጣል። በቀለበቶቹ ዙሪያ ደግሞ የዚያ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ጉማጁ ሲደርቅ ዙሪያው ከውስጡ ይበልጥ ያጥራል። ለወገብ የጠበበ ቀበቶ በግድ እንደ ማሰር ነው፤ የሆነ ቦታ መበጠሱ አይቀርም። በዚህ ላይ ውሃ የሚያመላልሱት የእንጨቱ ቀጫጭን ቧንቧዎች በሁለቱም ፊት ተከፍተዋል። ውሃው በዚያ በኩል የሚወጣው ከጣውላ ፊት ከሚወጣው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ደረቅ አየርና የቀን ፀሐይ ለጉማጅ አይራራለትም።

እንግዲህ ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ይህን ነው፦ መጀመሪያ አድርቁት፣ ስንጥቁ የት እንደሚወጣ እዩ፣ ምን እንደምትሠሩ ከዚያ በኋላ ወስኑ። ሥራውን የሚመርጠው ስንጥቁ ነው።

አደራረቁ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጉማጁን ሳሳ አድርጋችሁ አታስቆርጡ። ለጠረጴዛ ከሆነ 8 ሳንቲሜትር ይሁን፤ ሲላግ ይቀንሳልና። ሁለቱንም ፊት ቀልጦ በሞቀ ሰም ወይም በተረፈ ቀለም ቀቡት፤ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲወጣ ነው። ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ፣ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ አድርጋችሁ፣ በደረቅ ሰጋቱራ ውስጥ ቅበሩት። ሰጋቱራው ሲረጥብ ቀይሩት። በፕላስቲክ አትጠቅልሉት፣ ይሻግታል። ቅርፊቱን ልጣችሁ አንሱት፤ ነቀዝ የሚራባው እዚያ ሥር ነው። በየወሩ መዝኑትና ቁጥሩን ጀርባው ላይ ጻፉ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ለትልቅ ጉማጅ ይህ ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል።

ጊዜው በዛ ለምትሉ አንድ ነገር ልጨምር። ስዊድኖች ቫሳ የተባለውን መርከባቸውን እ.ኤ.አ. በ1961 ከባህር ሲያወጡት፣ እ.ኤ.አ. ከ1628 ጀምሮ ውሃ ውስጥ የነበረ እንጨት ነው። ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የሚባል ኬሚካል 17 ዓመት ረጩበት። ይኸው ኬሚካል እርጥብ ጉማጅንም ከስንጥቅ ያድናል። አግኝቶ መግዛት ለሚችል ጥሩ ነው። ለሌሎቻችን ሰጋቱራው ይበቃል።

አሁን ደረቀ እንበል። ስንጥቁ አንድና ጠባብ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ ሙሉ ጠረጴዛ ይወጣዋል። ቁመቱን ዝቅ አድርጉትና ለቡና ይሁን። ስኒው፣ ረከቦቱ፣ ቁርሱ ሁሉ ይቀመጥበታል። እግሩን ሦስት አድርጉት። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ያለው በከንቱ አይደለም፤ ሦስት እግር ጎርበጥባጣ ወለል ላይም አይወላገድም። ስንጥቁ እንዳይሰፋ ቢራቢሮ የሚመስል ቁራጭ ከጠንካራ እንጨት አውጡ። ወይራ ቢሆን እመርጣለሁ። ስንጥቁን አቋርጦ እንዲቀመጥ በመሮ ቦታውን ቆፍሩና በኮላ አስገቡት። ይህ ጥገና አይደበቅም። እኔ እንዲያውም የጠረጴዛው ውበት እዚያ ላይ ነው እላለሁ። ስንጥቁን በባለቀለም ኤፖክሲ፣ ፈሶ በሚጠነክር ሙጫ፣ መሙላት የሚወድም አለ። ሙጫው ሰማያዊ ወንዝ የሚመስልበት ጠረጴዛ ግን በየካፌው በዛብን።

ስንጥቁ በጣም ከሰፋ ከእሱ ጋር አትታገሉ። በስንጥቁ መስመር ለሁለት ክፈሉት። ግማሽ ክብ ቀጥ ያለው ጎኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚቆም ጠባብ ጠረጴዛ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ከሙሉ ክብ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ በሩ አጠገብ ቁልፍና ስልክ ያስቀምጥበታል፣ መተላለፊያም አይዘጋም። ሦስት አራት ቦታ የተሰነጠቀው ደግሞ ለሩብ ክብ ይሆናል። ሩብ ክብ የግድግዳ ማዕዘን ውስጥ ልክ ይገባል፤ ሁለት ሦስቱን ከላይ ወደ ታች ብትደረድሩ የመጻሕፍት መደርደሪያ ነው።

መሃሉ የበሰበሰ ጉማጅ ሰው ሁሉ የሚንቀው ነው። እኔ ደስ የሚለኝ እሱ ነው። የበሰበሰውን ጠርባችሁ አውጡት፣ ቀለበት ይቀራችኋል፣ መስታወት ይገባበታል።

ለወጥ ቤት እናስብ። ሥጋ ቤት ውስጥ ሥጋ የሚከተፍበትን ያንን ወፍራም ግንድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚያ ቆሞ የኖረው በምክንያት ነው። የእንጨቱ ክሮች ወደ ላይ የቆሙ ስለሆኑ የቢላው ስለት አይቆርጣቸውም፣ በመካከላቸው ይገባል። ቢላው ቶሎ አይደነዝም፣ እንጨቱም ቶሎ አይጎዳም። ከትንሽ የወይራ ጉማጅ ግሩም የክትፎ መክተፊያ ይወጣል። ምንነቱን የማታውቁትን ዛፍ ግን ምግብ አታስነኩት።

ስለ ባሕር ዛፍ መቼም ሳልናገር አልወርድም፤ አብዛኞቻችሁ የምታገኙት እሱን ነውና። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ይህችን ከተማ ያሞቀና የሠራ ዛፍ ነው፤ ክብር አለኝ። ግን ግንዱ ውስጥ ሲያድግ የተጠራቀመ ውጥረት አለ። ገና ሲቆረጥ እንደ ኮከብ ይሰነጣጠቃል፣ ሲደርቅም ብዙ ይኮማተራል። ከእሱ ትልቅ ክብ ጠረጴዛ አትመኙ። ለእግር፣ ለአጭር መቀመጫ፣ ለትንንሽ ዕቃ ተጠቀሙበት። ዋንዛ ካገኛችሁ ለመሥራት ይመቻል፣ ቀለሙም ያምራል። ፅድ ብስባሴና ምስጥ ስለሚቋቋም ውጭ ለሚቀመጥ ወንበር ይሆናል። ሌላውን ጉማጅ ግቢ ውስጥ መርገጫ አድርጋችሁ ብትቀብሩት በሁለት ሦስት ክረምት ይበሰብሳል። ደግሞም አደራ፣ ፅድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ በሕግ የሚጠበቁ ናቸው። የወደቀ ወይም በፈቃድ የተቆረጠ እንጂ፣ ለጠረጴዛ ብላችሁ የቆመ ዛፍ አታስቆርጡ።

ሁለት የደህንነት ነገር ልበል። ጉማጅ በመላጊያ ማሽን ውስጥ አይገባም፤ ሊፈነዳና ሰው ሊጎዳ ይችላል። ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች ግራና ቀኝ አቁሙ፣ ራውተሩን፣ የሚሽከረከር ስለት ያለውን የእጅ ማሽን፣ በእነሱ ላይ እያንሸራተታችሁ ፊቱን አስተካክሉ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሹት። ሁለተኛው፣ የተልባ ዘይት ለእንጨት ግሩም ነው፣ በስሱ ይቀባል፣ ከላዩ ሰም ይታሻል። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ይግላል፣ ጨርቁ በራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

አሁን ወደ ጓሮ እንውጣ። የተደረደሩትን ጉማጆች ታያላችሁ፤ ገና እርጥብ ናቸው። እያንዳንዳችሁ አንድ ምረጡ፣ መዝኑ፣ የዛፉን ዓይነት፣ የዛሬውን ቀንና ክብደቱን ጀርባው ላይ ጻፉ። ሰሙ ምድጃ ላይ ነው፣ ብሩሾቹ ከጎኑ አሉ። ጥያቄ ያላችሁ እየቀባን እናወራለን። አመሰግናለሁ።