ድርብ ስላሽና ቁጥር ሲገናኙ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ!

ኤክስፓዝ፣ ማለትም በኤክስኤምኤል ሰነድ ውስጥ የምንፈልገውን ክፍል የምናመለክትበትን ቋንቋ፣ ስንጽፍ አጭሩን አጻጻፍ እንጠቀም ወይስ ሙሉውን? ክርክሩ በተነሣ ቁጥር የጣዕም ጉዳይ ተደርጎ ይታለፋል። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ጣዕም ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የጸደቀው ኤክስፓዝ 1.0 ሁለቱንም ይዞ ነው የመጣው፤ ከአክሲሶቹ፣ ማለትም ከፍለጋ አቅጣጫዎቹ፣ «ቻይልድ» (ልጅ) ሳይጻፍ ይቀራል፣ «አትሪቢዩት» (ባሕርይ) በ @ ይተካል፣ «ፓረንት» (ወላጅ) ደግሞ በ .. ይተካል። እነዚህን ዘርዝሮ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ያደክማል እንጂ የሚጨምረው ነገር የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ድርብ ስላሹ ነው፤ // ማለትም «በየትኛውም ጥልቀት ያለውን ፈልግ» የሚለው።

አንድ አዋጅ በኤክስኤምኤል፣ ማለትም ይዘቱ በታግ (በስም ምልክት) እየተከፋፈለ፣ ተዘጋጅቷል እንበል፤ ሁለት ምዕራፍ፣ በየምዕራፉ ሦስት ሦስት አንቀጽ አለው። በነገራችን ላይ ኤክስኤምኤል 1.0 የታግ ስም በግዕዝ ፊደል እንዲጻፍ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው አምስተኛ እትሙ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ፊደላችን ይዘት ውስጥ እንጂ ስም ውስጥ አይገባም ነበር። ወደ ነገሬ ልመለስ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ፈልጋችሁ //አንቀጽ[1] ብትሉ ስንት ይመጣል? አንድ የሚል ብዙ ነው። የሚመጣው ግን ሁለት ነው፤ ከየምዕራፉ የመጀመሪያው። // ሲዘረዘር /ዲሴንደንት-ኦር-ሴልፍ::ኖድ()/ («ራሱንና በሥሩ ያሉትን ሁሉ») ይሆናል፤ ቀጥሎ ያለው «አንቀጽ» ደግሞ ያልተጻፈ «ቻይልድ» አለበት። ስለዚህ [1] የሚቆጥረው በእያንዳንዱ ወላጅ ሥር ነው። /ዲሴንደንት::አንቀጽ[1] ብትሉ ግን በሰነዱ ሥር ያሉትን ሁሉ በአንድነት ስለሚቆጥር አንድ ብቻ ይመጣል፤ (//አንቀጽ)[1] ብትሉም እንዲሁ። ክፋቱ፣ የሙከራ ፋይላችሁ አንድ ምዕራፍ ብቻ ካለው ሦስቱም ያው መልስ ይሰጣሉ። ጉዱ የሚወጣው ዋናው ሰነድ ሲመጣ ነው።

ድረ ገጽ በኮድ በሚሞክረው በሰሌኒየም የምትጠቀሙም አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ገጹ ላይ አንድ ሠንጠረዥ አግኝታችሁ ከውስጡ በ // ብትፈልጉ ፍለጋው ከሰነዱ አናት ይጀምራል። ነጥብ ቀድማ .// መባል አለበት።

ከ13ቱ አክሲሶች አጭር መልክ ያላቸው 5 ብቻ ስለሆኑ፣ እንደ «ፎሎዊንግ-ሲብሊንግ» (በአንድ ወላጅ ሥር ቀጥለው የሚመጡ) ባሉት ላይ ምርጫም የለን።

እናም «ሁሉም ሙሉውን ይጻፍ» የሚለውን ሐሳብ አልደግፍም። ኮድ ስንገማገም ግን ከ // በኋላ ቁጥር ካየን፣ ጸሐፊውን «ከየወላጁ ነው ወይስ ከሰነዱ ሁሉ?» ብለን እንጠይቀው። ከሰነዱ ሁሉ ነው ካለ በ /ዲሴንደንት:: ይጻፈው ወይም በቅንፍ ይክበበው።

አሁን ባለ ሁለት ምዕራፉን ፋይል ከፍቼ ሦስቱንም እዚሁ ላስኬዳቸው።