ዘፈን፣ ዳንስና ትወና በአንድ ሰው ላይ ሲወድቁ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ በጣም ስለምወዳቸው ሚናዎች ነው። መዝፈንም መደነስም መተወንም ከአንድ ሰው የሚጠይቁ የሙዚቃዊ ቲያትር ሚናዎች። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱንም ከአንድ ሰው መጠበቅ ድሮም የነበረ ነገር አይደለም። በ1943 ብሮድዌይ ላይ፣ ማለት በኒው ዮርኩ የቲያትር ሰፈር፣ የወጣውን «ኦክላሆማ!»ን ውሰዱ። ሎሬ የምትባለው ልጅ እንቅልፍ ይወስዳትና ታልማለች። ሕልሟ በባሌ ዳንስ ይታያል። ኮሪዮግራፈሯ (ዳንሱን ያቀናበረችው) አግነስ ደ ሚል ግን ሕልሙን ያስደነሰችው ሌላ ዳንሰኛ ነው። ዘፋኟ ሎሬ ስትተኛ ዳንሰኛዋ ሎሬ ትነሳለች። ውብ ሥራ ነው፤ ግን አንዲቷን ልጅ ለመጫወት ሁለት ሰው አስፈልጓል።

በ1957 ጀሮም ሮቢንስ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ን ይዞ መጣ። እዚያ የሰፈሩ ጠበኛ ወጣቶች ራሳቸው ይዘፍናሉ፣ ራሳቸው ይደንሳሉ፣ በዳንሱ ውስጥ ይደባደባሉ። ከሁሉም በላይ አኒታን እዩልኝ። መጀመሪያ መድረክ ላይ የተጫወተቻት ቺታ ሪቬራ ነች። አኒታ በመጀመሪያው ክፍል ትቀልዳለች፣ ቀሚሷን እያወዛወዘች ትጨፍራለች። በሁለተኛው ክፍል ፍቅረኛዋ ተገድሏል። ገዳዩ ደግሞ ጓደኛዋ ማሪያ የምትወደው ልጅ ነው። ሐዘኗንና ንዴቷን ማሪያ ላይ በዘፈን ታወርደዋለች። እንደዚያም ሆኖ የማሪያን መልእክት ልታደርስ ትሄዳለች። የጠላት ቡድን ልጆች ከበው ያዋርዷታል። ያ ትዕይንት በአብዛኛው የሚነገረው በሙዚቃና በአካል ነው። ከዚያ ተነስታ፣ ከውርደቷ የተነሳ አንድ ውሸት ትወረውራለች፦ «ማሪያ ሞታለች» ትላለች። የታሪኩ መጨረሻ የተንጠለጠለው በዚህች ውሸት ላይ ነው።

አስቡት እንግዲህ። ዳንሷ የሚያስጨበጭብ፣ ትወናዋ ግን ባዶ የሆነች አኒታ ብትመጣ፣ ያ ውሸት ከየት ይወለዳል? ተመልካቹ ውርደቷን በአካሏ ላይ ካላየ ቴያትሩ እዚያው ይሞታል። በፊልም ይህችን ሴት የተጫወቱ ሁለት ተዋናዮች፣ ሪታ ሞሬኖ በ1962፣ አሪያና ደቦዝ በ2022፣ ኦስካር መሸለማቸው አይገርመኝም። በነገራችን ላይ በ1961ዱ ፊልም የማሪያን ዘፈኖች የዘፈነችላት ሌላ ሴት ነች፣ ማርኒ ኒክሰን። ካሜራ ይህን ይችላል። መድረክ ላይ ግን ድምፁም እግሩም ያንተው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሰው የሚፈራው ሦስቱን ሙያ መማሩን ነው። ሦስቱንም ለየብቻ አሳምረው የሚችሉ ጎበዞች ግን ብዙ ናቸው። እኔ ከባድ የምለው ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፊያውን ነው። እዚያ ላይ ሥራውን የሚይዘው ትንፋሽ ነው። ዳንሰኛ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሆዱን ጨምቆ ይይዛል። ዘፋኝ አየር ለማስገባት ሆዱን ማላላት አለበት። ከከባድ ዳንስ በኋላ አካል አጭርና ፈጣን ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ረጅም የዘፈን ሐረግ ደግሞ አየሩን ቀስ ብለህ እንድታወጣ ይጠይቅሃል። ሁለቱ በአንድ ደረት ውስጥ ይጣላሉ። ጎበዝ ኮሪዮግራፈር ይህን ስለሚያውቅ ከከፍተኛው ድምፅ በፊት ትንሽ ማረፊያ ይተዋል። የቀረውን የሚያስታርቀው ትወናው ነው። ለምን እንደምትተነፍስ ካወቅህ፣ ማለክለክህ ራሱ የገጸ ባሕርይው ይሆናል።

በ1975 የተጀመረው «ኤ ኮረስ ላይን» ውስጥ ያለችውን ካሲን ተመልከቱ። በአንድ ወቅት ከዳንሰኞቹ መሃል ተለይታ የወጣች ነች። ተዋናይት ልሁን ብላ ሄዳ አልሆነላትም። አሁን ከኮረሱ፣ ከአጃቢ ዳንሰኞቹ ቡድን ጋር መሰለፍ ብቻ ነው የምትለምነው። ሥራ ስጡኝ ብላ ትዘፍናለች፣ ከዚያ በመስታወቶች ፊት ብቻዋን ረጅም ዳንስ ትደንሳለች። ያ ዳንስ ልመና ነው። ልመናው ከጠፋ የሚቀረው የእግር ችሎታ ብቻ ነው። ዶና መኬክኒ በዚህ ሚና የብሮድዌይን ትልቅ ሽልማት፣ ቶኒን ያገኘችው ሁለቱን ስላልለየች ይመስለኛል።

በስሙ የተጠራው ሙዚቃዊ ቲያትር ዋና ገጸ ባሕርይ ቢሊ ኤሊየትስ? ልጅ ነው። ባሌ ዳንስ፣ ታፕ (በጫማ ወለል እየመቱ የሚደነሰው)፣ አክሮባት፣ ዘፈን፣ ንግግር፣ ሁሉም በአንድ ትንሽ ትከሻ ላይ። ስትደንስ ምን ይሰማሃል ተብሎ ሲጠየቅ መጀመሪያ ቃል ያጥረዋል፤ ከዚያ ይዘፍናል፤ ዘፈኑም ሲያንሰው ይደንሳል። ብሮድዌይ ላይ በሳምንት ስምንት ጊዜ ይታይ ነበር፤ አንድ ልጅ ይህን አይችለውም። ስለዚህ ሦስት ልጆች ተፈራረቁበት። በ2009 የምርጥ ተዋናይ ቶኒ ሽልማትን ሦስቱም በጋራ ወሰዱ።

ስማቸው ብዙ የማይነሳውን ስዊንግ የሚባሉትንም ሳልጠራ አላልፍም። ሰው ሲታመም የብዙ ሰዎችን ቦታ የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው። የእያንዳንዱን እርምጃ፣ የእያንዳንዱን የድምፅ መስመር በቃላቸው ይይዛሉ። ለእኔ ከዚህ ሙያ ሰዎች ሁሉ የላቀ አክብሮት የሚገባቸው ናቸው።

መምህራን፣ አንድ ልመና አለኝ። ድምፅ በአንድ ክፍል፣ ዳንስ በሌላ፣ ትወና በሦስተኛው ነው የምናስተምረው። በሳምንት አንድ ቀን ሦስታችሁም አንድ ክፍል ግቡ። ተማሪው ዳንሱን ይጨርስና ላቡ ሳይደርቅ ይዝፈን። የድምፅ መምህሩ ትንፋሹን ያዳምጥ። የትወና መምህሯ «ለማን ነው የምትዘፍነው? ምን ፈልገህ?» ትበለው። መልስ ካጣ ከዳንሱ ይጀምር። የሚቀጥለው ሳምንት ለመጀመር ዝግጁ ከሆናችሁ፣ እኔም እመጣለሁ።

አመሰግናለሁ።