ልብ ወለድ የሚባለው ወረቀት፦ ከጣልያን ወደ ጀርመን ተሻግሮ ፈቃድ መጠበቅ

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ፣ እጥፋቱ የሳሳ አረንጓዴማ ወረቀት)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ይህን ወረቀት እስቲ እዩልኝ። ወራት ኪሴ ውስጥ ስለከረመ እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም። ጀርመኖች «ፊክሲዮንስበሻይኒጉንግ» ይሉታል። እኛ አሳጥረን ፊክሲዮን እንለዋለን። ፊክሲዮን ደግሞ ልብ ወለድ ማለት ነው። የምሬን ነው። «ፈቃድ ገና አልሰጠንህም፤ ውሳኔው እስኪመጣ ግን እንደተፈቀደልህ ይቆጠር» ነው ነገሩ። ዋጋው 13 ዩሮ ነው።

የዛሬው ቪዲዮ ከጣልያን ወደ ጀርመን ተሻግረው የመኖሪያ ፈቃድ ለሚጠብቁ ነው። ብዙዎቻችን መጠበቅ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ይመስለናል። በሚጠበቅበት ጊዜም ግን መብት አለ፣ ክልከላም አለ። የትኛው እንደሚመለከታችሁ የምታውቁት እዚህ ወረቀት ላይ ካለች አንዲት የኤክስ ምልክት ነው። እሷ ጋ እንመለሳለን።

(ምስል፦ ሚላን፣ ፖርታ ቬኔዚያ)

መጀመሪያ ሶጆርኖው፣ የጣልያን መኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው። ፖርታ ቬኔዚያ አንዱ ካፌ ገብታችሁ ብትጠይቁ «ሶጆርኖ ካለህ ምን ችግር አለው፣ ጀርመን ሄደህ ትሠራለህ» የሚላችሁ አይጠፋም። የትኛው ሶጆርኖ? ተራው የጣልያን ፈቃድ፣ በጥገኝነት የተገኘውም ቢሆን፣ ሌሎቹ የሸንገን አገሮች ውስጥ የሚያስገባችሁ ለጉብኝት ነው። በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን፣ በቃ። ሥራ የለም።

የሚያሻግረው «ሉንጎ ፔሪዮዶ» የሚል የተጻፈበት ካርድ ነው። ለዚህ ቢያንስ 5 ዓመት ሳያቋርጡ በሕጋዊ መንገድ መኖር ያስፈልጋል። መሠረቱ የአውሮፓ ኅብረት በ2003 ያወጣው መመሪያ ነው፤ በ2011 ደግሞ ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችም እንዲካተቱ ተሻሽሏል። ዴንማርክና አየርላንድ እዚህ ውስጥ የሉበትም። እናም ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት ካርዳችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ሳያነቡ መጥተው ጓደኛ ሶፋ ላይ ሲቆዩ 90ው ቀን ያለቀባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ካርዱ ትክክለኛው ከሆነ፣ ጀርመን ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ ያላችሁ 3 ወር ነው። በዚያ ውስጥ ማመልከቻው መግባት አለበት። የቤት አድራሻ ማስመዝገብ፣ አንሜልዱንግ የሚባለው ማለት ነው፣ ቤት በገባችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ ይፈለጋል። ለዚያ ደግሞ ያስጠጋችሁ ሰው «አዎ፣ እኔ ዘንድ ይኖራል» ብሎ የሚፈርመው ወረቀት አለ። ከዚያ የጤና መድን፣ የሥራ ውል ወይም ራስን የመቻል ማስረጃ። ከዚያ ተርሚን፣ ፈቃድ ሰጪው የውጭ ዜጎች ቢሮ ዘንድ የሚያዘው ቀጠሮ ማለት ነው። ተርሚን ስለማግኘት ብዙ አላወራም፤ የሞከረ ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ተርሚን ጠፋ ብላችሁ ቀኑን አታሳልፉ። ማመልከቻውን በጽሑፍ ላኩ፣ የላካችሁበትን ማስረጃም አስቀምጡ።

(ምስል፦ ወረቀቱ በቅርበት፣ ሦስት ትንንሽ ሳጥኖች)

አሁን ወደ ኤክሷ። ሦስት ሳጥኖች ይታያችኋል።

የመጀመሪያው «ቆይታው እንደተፈቀደ ይቆጠራል» ይላል። በሕጋዊ መንገድ ገብታችሁ በጊዜው ካመለከታችሁ የናንተ እሱ ነው። የእኔም እሱ ነው። ሁለተኛው አርፍዶ ላመለከተ ሰው ነው። «ማባረሩ ለጊዜው ቆሟል» ከማለት አያልፍም። ሦስተኛው ቀድሞ የጀርመን ፈቃድ ኖሮት እድሳት ለሚጠብቅ ነው፤ የድሮው ፈቃድ ከነሙሉ መብቱ ይቀጥላል፣ ሥራም ጉዞም።

ስህተት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ሦስተኛው ሳጥን ያለው ጓደኛችሁ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ታያላችሁ። «ያው ፊክሲዮን አይደል» ትላላችሁ። ያው አይደለም! የመጀመሪያው ሳጥን ከጀርመን ወጥቶ ለመመለስ አያገለግልም። የጣልያኑ ካርድ ጊዜው ካላለፈ ሸንገን ሊያስገባችሁ ይችላል፤ ሆኖም ለቅሶ ለመድረስም ቢሆን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቢሮውን በጽሑፍ ጠይቁ።

ሥራስ? የጣልያኑ ካርድ ጀርመን ውስጥ አያሠራም። የእኔ ፊክሲዮንም ሥራ አይፈቀድም ይላል። ቀጣሪ አለኝ፣ ውሉን ፈርመናል፣ ግን መጀመር አልችልም። እንደኔ ተቀጥሮ መሥራት የሚፈልግ ሰው ፋይል ወደ ፌደራል የሥራ ኤጀንሲ ይሄዳል። እነሱም ደሞዙ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ መሆኑን ያያሉ፤ ለቦታው ጀርመናዊ ወይም የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ አለ ወይ የሚለውንም ያጣራሉ። ደስ የምትል ነገር አለች። ኤጀንሲው የተሟላ ጥያቄ ደርሶት በ2 ሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጠ፣ እንደተስማማ ይቆጠራል። ዝምታው እሺታ ነው። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ግን እንዲህ ዓይነት ሕግ የለበትም። የሱ ዝምታ ዝምታ ብቻ ነው።

ታዲያ ስንት ይጠበቃል? ያ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ካመለከታችሁበት ቀን ጀምሮ 4 ወር ይላል። ማስረጃ ከጎደለ ወይም ጉዳዩ ለየት ብሎ ከተወሳሰበ 3 ወር ይጨመራል፣ ያንንም ሊነግሯችሁ ይገባል። ስለዚህ ጣሪያው 7 ወር ነው። እኔ ይኸው 8ኛ ወሬን ይዣለሁ።

(ምስል፦ የሕንጻ መግቢያ፣ ተደርድረው የቆሙ የፖስታ ሳጥኖች)

ከስምንቱ ሁለቱን ያባከንኩት ራሴ ነኝ። የምኖረው እህቴ ቤት ነው። ፖስታ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የባሏ ስም ነበር። ጀርመን ውስጥ ፖስተኛው የሚያየው በሳጥኑ ላይ ያለውን ስም ነው፤ የቤት ቁጥር አይበቃውም። አንድ ማስረጃ ጎድሎ ኖሮ አምጣ የሚል ደብዳቤ ልከውልኛል። ስሜን አጥቶ ተመለሰ። እኔ ፋይሌ እየታየ መስሎኝ ቡና እጠጣለሁ፣ እነሱ «ጠይቀነው አልመለሰም» ብለው አስቀምጠውታል።

የኛ ስም ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የጣልያን ካርዴ የቤተሰብ ስም ብሎ የያዘው አባቴን ነው። አዲሱ ፓስፖርቴ አያቴን ይዟል። አሁን ሳጥኑ ላይ ሦስታችንም አለን፦ እኔ፣ አባቴና አያቴ። አማቼ ሲያየው ይስቃል።

ቢሮው ከዘገየ ምን ይደረጋል? ጸብ አያስፈልግም። መጀመሪያ ደብዳቤ ነው፦ የፋይል ቁጥር፣ ያመለከታችሁበት ቀን፣ «ምን ጎደለ? እስከዚህ ቀን መልስ እጠብቃለሁ»። ካመለከታችሁ 3 ወር አልፎ፣ ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት ከሌለ፣ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሄዶ መክሰስ ይቻላል። «ወስኑልኝ» የሚል ክስ ነው፤ «ፍቀዱልኝ» ማለት የግድ አይደለም። በዚህ ደረጃ ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ቢሮው ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየና ክሱ ከቀረበ በኋላ ከወሰነ፣ ወጪው የሚወድቀው በራሱ ላይ ነው። ብዙ ሐበሻ «ከሰስክ ብለው ይቀየሙኛል» ይላል። እኔም እል ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሰነድ ለሚያገላብጥ ሠራተኛ ክስ ማለት ከክምሩ ሥር ያለውን ፋይል ወደ ላይ የሚያወጣ ወረቀት ነው። መጀመሪያ ግን ካሪታስ ወይም ዲያኮኒ የሚባሉት የቤተ ክርስቲያን ዕርዳታ ድርጅቶች ዘንድ ጎራ በሉ፤ የስደተኞች ምክር በነጻ ይሰጣሉ።

(ምስል፦ ቢጫ ፖስታ)

ይህቺን ቢጫ ፖስታ ካያችሁ ደግሞ ፖስታውን እንዳትጥሉ። ፖስተኛው ሳጥን ውስጥ የከተተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጽፎባታል። ቀነ ገደቡ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው፤ እናንተ ከከፈታችሁበት ቀን አይደለም። ውሳኔው እምቢታ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ያላችሁ 1 ወር ነው። የት እንደሚከሰስ ወይም እንደሚቃወሙ የመጨረሻው ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። እምቢታ ሲመጣ ፊክሲዮኑም አብሮ ያበቃል። ስለዚህ «ነገ አነበዋለሁ» የለም።

እኔ ደብዳቤዬን ልኬያለሁ። የሰጠኋቸው ቀን የፊታችን ዓርብ ነው። ክሱን ካሪታስ ያለችው አማካሪ አይታልኛለች፤ ታትሞ፣ ያልተፈረመበት፣ እዚህ መሳቢያ ውስጥ አለ። ቀጣሪዬ ትናንት ደውሎ «እስከ ወሩ መጨረሻ» ብሎኛል። ፖስተኛው የሚመጣው አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን አምስት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው፣ ልውረድ።